ፒተርስበርግ፦ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፋቸው በሮች

ሩሲያ ፒተርስበርግ የሚመጣ ሀበሻ ሁሉ ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ ሄርሚታዥ ሙዚየም፣ የፒተርሆፍ ፏፏቴዎች፣ ባለ ቀለም ጉልላቷ ቤተክርስቲያን፣ ኔቭስኪ ጎዳና ላይ ፎቶ፣ ሌሊት ድልድዩ ሲከፈት ቪዲዮ፣ በቃ አለቀ። እነሱን አትዩ አልልም፣ በጣም ቆንጆ ናቸው፣ እኔም እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ እዛው ነው የምወስደው። ግን እዚህ እየኖርኩ ስሄድ ቀስ እያለ የገባኝ ነገር አለ፣ ይቺ ከተማ ከሁሉ የምትሳሳለትን ነገር አደባባይ አታወጣውም፣ ተራ የሚመስል በር ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ከነዚህ በሮች ደግሞ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የኛ ነው። ዛሬ እሱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት። አመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

የይስሐቅ ካቴድራልን የማያውቅ የለም፣ ያ ትልቁ የወርቅ ጉልላት። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ፎቶ ይነሳል። አደባባዩ ላይ ስትቆሙ መሀል ላይ ፈረስ ላይ ያለው ንጉሥ ኒኮላይ ቀዳማዊ አለ፣ ከሱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ተመሳሳይ ሕንፃዎች ታያላችሁ፣ የድሮ መሥሪያ ቤት የሚመስሉ፣ የቦልሻያ ሞርስካያ 42 እና 44 ቁጥር። በሩሲያ ነገሥታት ጊዜ የመንግሥት ይዞታ ሚኒስቴር ነበሩ። አሁን የቫቪሎቭ የእፅዋት ተቋም ናቸው። እዚህ ውስጥ የአለም ዘር ነው ያለው፣ ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ናሙና፣ ስንዴው ገብሱ አጃው ባቄላው። እና ከዛ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘር አለ።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው ሳይንቲስት በ1926 መጨረሻ ላይ በጅቡቲ አድርጎ ወደኛ አገር ገባ፣ አዲስ አበባ ላይ ያኔ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ተጨዋውቷል፣ ከዛ በኋላ በቅሎና አጋሰስ አስጭኖ ወደ ሰሜን፣ አንኮበር፣ አባይን ተሻግሮ ጎንደር፣ አክሱም፣ እስከ አስመራ ድረስ ነው የሄደው። መንገድ ላይ ያገኘውን እህል ሁሉ ከየገበሬው ማሳና ከየገበያው እየቆነጠረ በከረጢት በከረጢት አድርጎ ላከ። አንኮበር አካባቢ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ አግኝቶ እንዴት እንደተደሰተ ሳነብ እኔም ከሱ ጋር ተደሰትኩ፣ ምክንያቱም የኛ ገበሬ ምንም ስም ሳይሰጠው ሲዘራው የኖረውን ነገር ነው ሰውዬው የአለም ግኝት ያለው። በሱ ጥናት አገራችን እህል ከተፈጠረባቸው ጥቂት የአለም ማዕከሎች አንዷ ሆነች፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ የገብስና የማካሮኒ ስንዴው አይነት ብዛት። ይሄን እኛ ትምህርት ቤት በደንብ ብንማረው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ነው ግን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ታሰረ። ከተማዋ፣ ያኔ ሌኒንግራድ፣ ከመስከረም 1941 ጀምሮ በናዚ ጦር ተከበበች፣ 872 ቀን። በዛ የመጀመሪያው ክረምት የሰው ራሽን ዝቅ ዝቅ እያለ መጥቶ ከህዳር እስከ ታህሳስ የፋብሪካ ሠራተኛ ላልሆነ ሰው 125 ግራም ዳቦ በቀን ደረሰ፣ እሱም ዱቄቱ በሌላ ነገር የተደባለቀ። እዚህ አደባባይ ላይ ባሉት ሁለት ሕንፃዎች ውስጥ ግን በቶን የሚቆጠር ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ድንች ነበር። ሠራተኞቹ ማሞቂያ በሌለበት ተራ እየገቡ አይጥ እያባረሩ ጠበቁት። አልበሉትም። የሩዝ ክፍሉ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች መሀል በረሀብ ሞተ። አሌክሳንደር ሹኪን የኦቾሎኒ ሰው ነው፣ እሱም ጠረጴዛው ላይ። የአጃዋ ሊዲያ ሮዲናም እንደዛው። አለቃቸው ቫቪሎቭ ደግሞ በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፣ እድሜውን ሙሉ ሰው እንዳይራብ የሠራ ሰው በረሀብ ተዳክሞ።

እኔ የገበሬ ልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ቤት ለዘር የሚሆነው እህል ጢስ ባለበት ጣሪያ ስር በቅል ተሰቅሎ ነበር የሚቀመጠው፣ ልጅ ሆነን ስንራብ እንኳን እሱን ማንም አይነካውም፣ ዘሩን በላ ከተባለ ያ ቤት አለቀለት ማለት ነው። እነዚያ የሌኒንግራድ ሰዎች የሰው አገር ዘር ነበር በዛ አይነት የጠበቁት፣ የሸዋና የጎንደር ገበሬ ዘር ጭምር። በዛ አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ትንሽ ቆም ብዬ ነው የምሄደው። የጥናት ተቋም ስለሆነ እንደ ሙዚየም ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ግን ከውጭ ቆማችሁ ይሄን ታሪክ እያወቃችሁ ማየት ራሱ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የኛ ጂን ባንክ፣ የዘር ማስቀመጫው ማለቴ ነው፣ የተቋቋመው በ1976 ነው፣ በኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በገበሬው እጅ ያለውን ዘር እዛው ገበሬው ጋር እንዲቆይ ብዙ ለፍተዋል። ቫቪሎቭን ሳስብ እሳቸውን አብሬ አስባለሁ፣ ሁለቱንም ልጆቻችን ቢያውቋቸው።

ስለ ከበባው ካነሳሁ አይቀር ኔቭስኪና ማላያ ሳዶቫያ ጥግ ላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የድሮ ድምፅ ማጉያ አለ። ሰው ከስሩ ሻዋርማ ይዞ ያልፋል። በዛ ጊዜ ሬድዮው ፕሮግራም በሌለበት ሰአት ሜትሮኖም፣ እንደ ሰአት ቷ ቷ የሚል ምት፣ ነበር የሚያሰማው፣ ቀስ ካለ ሰላም ነው፣ ከፈጠነ ቦምብ እየመጣ ነው። ሕዝቡ ከተማዋ በሕይወት እንዳለች የሚያውቀው በሱ ነበር። ፎንታንካ ዳር 21 ቁጥር አካባቢ ደግሞ ሰው በረዶውን ቀዶ ውኃ ይቀዳ የነበረበት ቦታ ላይ መታሰቢያ አለ፣ ድንጋይ ላይ ነው ያለው ካልፈለጉት አይታይም።

አሁን ደግሞ ወደ ቫሲሊየቭስኪ ደሴት። ስሞሌንስክ መቃብር ቦታ ይባላል፣ መቃብር ምን ልሠራ እሄዳለሁ ትሉ ይሆናል፣ እዛ ግን ቅድስት ክሴኒያ አለች። የፒተርስበርግ ሰው ክሴኒያዬ ነው የሚላት፣ እንደ ቅርብ ዘመድ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች ሴት ናት፣ ባሏ አንድሬይ ፊዮዶሮቪች የቤተመንግሥት ዘማሪ ነበር፣ በ26 አመቷ ድንገት ሲሞትባት ቤቷን ሰጥታ የሱን ልብስ ለብሳ ጎዳና ወጣች፣ ክሴኒያ ሞታለች እኔ አንድሬይ ነኝ ትል ነበር፣ ሰው እብድ ነው ያላት። የመቃብሩ ቤተክርስቲያን ሲሠራ ሌሊት ሌሊት ማንም ሳያያት ጡብ ተሸክማ ላይ ድረስ ታወጣ ነበር ይባላል። እኛ ጋ እንዲህ አይነት አባቶችና እናቶች ገድል ስላለን ታሪኳ እንግዳ አልሆነብኝም፣ ሥርዓታችን ከሩሲያኖቹ የተለየ ቢሆንም ነጠላዬን ተከናንቤ ስገባ አሮጊቶቹ ቦታ ይለቁልኛል፣ አንዷማ እጄን ይዛ ከየት ነሽ የኔ ልጅ ብላ ስነግራት አማተበች። ሰው ጸሎቱን ወረቀት ላይ ጽፎ እዛ ያስቀምጣል፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጠፋ ባል፣ ስለ ፈተና። በሶቪየት ጊዜ ጸሎት ቤቷን ዘግተውት ነበር፣ ሕዝቡ ግን መምጣቱን አልተወም። ቅድስት ተብላ የታወጀችው በ1988 ነው፣ በአላት ፌብሩዋሪ 6 ላይ ይውላል፣ የዛን ቀን በረዶው ውስጥ ሰልፉ መቃብሩን አልፎ ይወጣል። ብርዱን የምትችሉ ከሆነ በዛ ቀን ሂዱ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ማራታ መንገድ ላይ የአርክቲክና አንታርክቲክ ሙዚየም አለ፣ ሕንፃው የድሮ ቤተክርስቲያን ነው፣ ከ1937 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል፣ ጉልላቱ ስር አውሮፕላን ተሰቅሏል፣ የዋልታ አሳሾቹ እነ ፓፓኒን ተንሳፋፊ በረዶ ላይ 274 ቀን የኖሩበት ድንኳንም እዛው ነው። ቤተክርስቲያን ውስጥ አውሮፕላን ማየት እኔን ደስ አላለኝም፣ ድንኳኑ ጋ ስደርስ ግን ብዙ ቆየሁ። ቪቴብስኪ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ትኬት ባትገዙም ግቡና ደረጃውንና መስታወቱን እዩ፣ የሩሲያ የመጀመሪያው ባቡር በ1837 የተነሳው ከዚህ ቦታ ነው፣ የአሁኑ ሕንፃ የ1904 ነው። ስታራያ ዴሬቭንያ ሜትሮ ወርዳችሁ ከ1915 በፊት የተሠራ የቡድሂስቶች ቤተመቅደስ አለ፣ ሰሜን አውሮፓ ጫፍ ላይ ይሄ ምን ይሠራል የሚያሰኝ፣ ግቢው ጸጥ ያለ ነው።

ኩንስትካሜራ የሚባለውን ሙዚየም ቱሪስት ያውቀዋል፣ ግን ሁሉም የሚሄደው ጠርሙስ ውስጥ ያሉትን የንጉሡን የታላቁ ጴጥሮስን ስብስቦች ለማየት ነው። ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ከእህቱ ልጅ ጋር ሆኖ በዚሁ ሙዚየም ተልኮ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ከዛም ባሌ ሼክ ሁሴን ድረስ ሄዷል፣ የሐረር ገዢ የነበሩትን ደጃዝማች ተፈሪን ፎቶ አንስተዋቸዋል፣ የሰበሰቡትን እቃም እዚህ አምጥተው አስረክበዋል። ጉሚልዮቭ በ1921 በጥይት ተገደለ፣ እቃው ቀረ። በዚሁ ሙዚየም ሴቪር ቼርኔትሶቭ የሚባል ሰው ነበር፣ በ2005 ነው ያረፈው፣ የነገሥታቶቻችንን ዜና መዋዕል ከግዕዝ ወደ ሩሲያኛ ሲተረጉም የኖረ። ከሱ በፊት ደግሞ ቦሪስ ቱራዬቭ አለ፣ ገና ከሩሲያ አብዮት በፊት ገድላቶቻችንን ያጠና። ሄርሚታዥ ሰልፍ ይዛችሁ ስትቆሙ እዛው ወንዙ ዳር ትንሽ ወረድ ብሎ 18 ቁጥር ያለው ቤተመንግሥት የምሥራቅ ጽሑፎች ተቋም ነው፣ የግዕዝ ብራናዎች እዛ ውስጥ አሉ። ይሄን ለማያውቅ ሀበሻ ስነግረው ፊቱ ሲቀየር ማየት እወዳለሁ።

መጨረሻ ላይ ከከተማ ወጣ እንበል፣ ሱይዳ። ሁላችንም ፑሽኪን የኛ ነው ብለን ነው ያደግነው፣ አዲስ አበባ በስሙ አደባባይ ሰጥታዋለች። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ሱይዳን በ1759 ገዛ፣ ጡረታ ወጥቶ እዛው ኖሮ በ1781 እዛው ሞተ። ስለ ትውልድ ቦታው የድሮዎቹ ከኛ በኩል ነው ይላሉ፣ አሁን ግን ብዙ ተመራማሪ ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ያለችውን ሎጎኔን ነው የሚጠቅሰው፣ እኔ ይሄ ሁለተኛው ማስረጃው ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፣ ያም ሆኖ ልጅ ሆኖ ተወስዶ ከባርነት ተነስቶ የሩሲያ ጄኔራልና መሐንዲስ እስከመሆን የደረሰ አፍሪካዊ ነው፣ ለሱ ሲባል ሱይዳ ድረስ መሄድ ይገባል። ትልቁ ቤት ተቃጥሏል፣ ፓርኩ፣ ኩሬውና ትንሽ ሙዚየም አሉ፣ መቃብሩ ያለበት ቦታ ላይ መታሰቢያ አለ። ኤሌክትሪችካው፣ ከከተማ ወጣ የሚለው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ከባልቲስኪ ጣቢያ ነው የሚነሳው፣ በጋቺና በኩል ነው የሚያልፈው፣ በበረዶው ወቅት ቀኑ በጣም አጭር ስለሆነ ግንቦት ወይ ሰኔ ላይ ብትሄዱ ይሻላል፣ ምሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ የመመለሻውን ሰአት ደግሞ ስትወርዱ ጣቢያው ላይ አይታችሁ ያዙ።