ከማዱራይ ወደ አሩናቻላ፦ በራማና ማሃርሺ መንገድ

በደቡብ ህንድ ማዱራይ ከተማ፣ ከሚናክሺ ቤተ መቅደስ ብዙም ሳይርቅ፣ ቬንካታራማን የሚባል የ16 ዓመት ተማሪ የኖረበት ቤት አለ። አሁን የጸሎት ቦታ ነው። ጉዞዬን ከዚህ የጀመርኩት፣ ልጁ በኋላ ራማና ማሃርሺ የተባለ የሂንዱ መንፈሳዊ መምህር ሆኖ የጻፈው ሁሉ በጁላይ 1896 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ፎቅ ላይ ከሆነው ነገር ስለሚነሣ ነው። ሕመም ሳይኖርበት ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ጋደም ብሎ እጅ እግሩን እንደ ሬሳ ዘረጋ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ከንፈሩን ገጠመ፤ ሥጋው ሲሞት “እኔ” የሚለውም አብሮ ይሞት እንደሆነ መረመረ።

ኦገስት 29 ቀን፣ የወንድሙን የኮሌጅ ክፍያ እንዲከፍል ከተሰጠው 5 ሩፒ 3ቱን ይዞ፣ 2ቱን ከማስታወሻ ጋር ትቶ፣ ቲሩቫናማላይ ከተማ አጠገብ ወዳለው ቅዱስ ተራራ፣ ወደ አሩናቻላ፣ ጉዞ ጀመረ። ማስታወሻው “እኔ” ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ ራሱን “ይህ” ወደ ማለት ይሻገራል፤ ፊርማ የለውም። ለእኔ የመጀመሪያ ጽሑፉ ይህ ነው።

መንገድ ላይ ያስቸገረው አሮጌ አትላስ ነበር። ቅርቡ ጣቢያ ቲንዲቫናም መስሎት በ2 ሩፒ ከ13 አና (16 አና 1 ሩፒ ነበር) ትኬት ቆረጠ፤ ሐዲዱ ግን ከቪሉፑራም ቲሩቫናማላይ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ቪሉፑራም ላይ በቀረችው ሳንቲም ማምባላፓቱ ድረስ ብቻ ደረሰ፤ ከዚያ በእግሩ። ኪሉር ላይ የጆሮ ወርቁን አስይዞ 4 ሩፒ ተበደረና ሴፕቴምበር 1 ቲሩቫናማላይ ገባ። ዛሬም ባቡር ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ቪሉፑራም ነው፤ በቲሩኮዪሉር በኩል ወደ ካትፓዲ የሚያልፈው ይያዛል። ባቡሩ ካመለጠ መጠበቁ አያዋጣም፤ ርቀቱ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ አውቶቡስ ይሻላል። ቲሩቫናማላይ ባለው የራማና አሽራም (መንፈሳዊ ማኅበር) ለማደር ደግሞ አስቀድሞ ጽፎ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ከተማው በተሳላሚ ስለሚሞላ ሳያስይዙ መምጣት አይበጅም።

ብዙ ጎብኚ ከአሽራሙ ጀርባ ሽቅብ ይወጣል። እኔ ግን ራማና የኖሩበትን ቅደም ተከተል ጠብቄ ከከተማው ታላቅ ቤተ መቅደስ ጀመርኩ። በሺህ ዓምዱ አዳራሽ ሥር ያለው ፓታላ ሊንጋም ያ ወጣት ነፍሳት ጭኑን እስኪበሉት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠበት ጨለማ ክፍል ነው። ከዚያ ዳገቱን ወደ ቪሩፓክሻ ዋሻ። ከ1899 እስከ 1916 የኖሩት እዚህ ነው። ዋሻው ውስጥ አየሩ ስለሚታፈን በማለዳ መግባት ይሻላል፤ ምግብ በእጅ ከያዙ ዝንጀሮዎቹ ይነጥቃሉ።

ሲቫፕራካሳም ፒላይ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ በ1901 እና በ1902 ጥያቄዎቹን ያቀረበው እሳቸው በዚህ ተራራ ላይ ሳሉ ነው። ያኔ ስለማይናገሩ መልሱን አሸዋና ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። “ናን ያር”፣ ማለትም “እኔ ማን ነኝ”፣ ከዚያ ወጣ። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ሐሳብ ሲነሣ ሳይከተሉት “ይህ የተነሣው ለማን ነው?” ይባላል። መልሱ “ለእኔ” ነው። ያኔ “እኔ ማን ነኝ?” ሲባል ትኩረቱ ከሐሳቡ ተነቅሎ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ሌላ ሐሳብ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዳንዱ ጥያቄውን እንደ ማንትራ፣ እንደሚደጋገም የጸሎት ቃል፣ ያነበንባል፤ ቃሉ ራሱ ሌላ ሐሳብ ሆኖ ይይዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ካነበበው “ሥጋ አይደለሁም፣ ብራህማን (የሁሉ መሠረት የሆነው ፍጹም እውነታ) ነኝ” ብሎ ይመልሳል፤ ጥያቄው ሥራውን ሳይሠራ ይዘጋል። የሚፈለገው ጠያቂው ራሱ ነው። መጽሐፉ በጥያቄና መልስ መልክም ይገኛል፣ እሳቸው ራሳቸው እንደ ድርሰት አስተካክለው በጻፉት መልክም። ድርሰቱ ይቅደም እላለሁ።

የ108 ስንኙ መዝሙር፣ “አክሻራ ማናማላይ”፣ የዚሁ ዋሻ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ለምጽዋት ሲወጡ የሚዘምሩት ስላስፈለጋቸው ተደረሰ። ጥቂት ከፍ ብሎ ስካንዳሽራም አለ፤ እስከ 1922 ከእናታቸው ጋር የኖሩበት። እናታቸው በዚያ ዓመት ሲያርፉ ተራራው ግርጌ ተቀበሩ፤ የዛሬው አሽራም መቃብሩን ከብቦ የበቀለ ነው። “ኡላዱ ናርፓዱ” የተባሉት 40 ስንኞች በ1928 እዚያ የተጻፉት ገጣሚው ሙሩጋናር ወትውቶ ነው። በአሽራሙ መጻሕፍት መሸጫ ሁሉም በትንንሽ ቅጽ አሉ። ሳይጠየቁ የጻፉት እጅግ ጥቂት መሆኑ ደርዝ ይዞ የሚታየኝ እዚህ ነው።

የመጨረሻው ቀን ለተራራው ዙር፣ ለጊሪቫላም፣ ይተው። 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተራራውን በቀኝ አድርጎ፣ በባዶ እግር፣ የመንገዱን ግራ ይዞ፤ ወደ ተራራው ያለው ጠርዝ ለማይታዩት ቅዱሳን ይተዋል። ራማና ዘጠነኛ ወሯን እንደያዘች ነፍሰ ጡር ንግሥት በዝግታ መሄድ ያስፈልጋል ይሉ እንደነበር ይነገራል። በዚያ አረማመድ አምስት ሰዓት ቢፈጅ አይደንቅም፤ ስለዚህ ከንጋቱ 10 ሰዓት መነሣት ነው፣ አስፋልቱ እግር ማቃጠል ሳይጀምር ለመድረስ።