ሊቶፕስ ውኃ አይብዛበት

ሊቶፕስ የሚባለውን ተክል መጀመሪያ ያየ ሰው ጠጠር ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ወፍራም ቅጠል፣ መሃላቸው ስንጥቅ፣ በቃ። የትውልድ ቦታው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያ ድንጋይ መስሎ ሊበሉት ከሚፈልጉ እንስሳት ይደበቃል።

እኔ በጣም የምወደው ቅጠል ሲቀይር ነው። ስንጥቁ ቀስ እያለ ይከፈትና አዲስ ጥንድ ቅጠል ብቅ ይላል፤ አሮጌዎቹ ያጠራቀሙትን ውኃ ለአዲሶቹ እየሰጡ ይጨማደዱና እንደ ወረቀት ሳስተው ይደርቃሉ። በዚህ ጊዜ ጠብታ ውኃ እንዳትሰጡት! ካጠጣችሁት አሮጌው አይደርቅም፣ አዲሱም እንደታፈነ ይቀራል። የተጨማደደውንም በእጃችሁ ለመላጥ አትቸኩሉ።

አፈሩ አብዛኛው ደቃቅ ጠጠርና አሸዋ ይሁን። ሥሩ ወደ ታች ስለሚረዝም መትከያው ጠለቅ ያለ፣ ከግርጌውም ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይሻላል። ብርሃን ካጠረው ወደ ላይ ይመዘዝና ቅርጹ ይበላሻል፣ ስለዚህ ፀሐይ አትንፈጉት። እኔ የማጠጣው አፈሩ እስከ ታች ደርቆ የቅጠሉ ጎን መሸብሸብ ሲጀምር ብቻ ነው፤ ያኔ በደንብ አጠጣውና እተወዋለሁ። ቅጠሉ ሲነካ ለስልሶ ውኃ ውኃ ካለ ግን መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው።

ጥቂት ዓመት ከታገሣችሁት ደግሞ ከዚያችው ስንጥቅ ነጭ ወይም ቢጫ አበባ ያወጣል፣ አንዳንዱማ ተክሉን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።