ለአሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ
ዛሬ ደሴ ፒያሳ ወርጄ የላፕቶፔን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (ፋይል በቺፕ ላይ በሚያስቀምጥ ፈጣን ማከማቻ) አስቀየርኩ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ አልተጫነም። የሚሠራልኝ ልጅ ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ ሰካና ሲስተሙን ከነፋይሉ ገለበጠው።

ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው 256። አይበቃም ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ለካ ወሳኙ የተያዘው ቦታ ነው። ፊልሞቹን ቀድሜ ወደ ፍላሽ አወጣኋቸው። ባክአፕ (የፋይላችሁን ሌላ ቅጂ) ሳትይዙ ግን እንዳትሞክሩት። የኔ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት ደግሞ ሲገለበጥ መሃል ላይ ቢሄድስ?

የድሮው ዲስክ ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በፊት ላፕቶፑ እስኪነሳ አቦሉ ይደርስ ነበር። አሁን ቡናው ሳይቆላ ተነስቷል!

እንዲፈጥን «ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጨምርበት» ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ኑና እዩት። አሮጌውን ዲስክ ለጊዜው ፎርማት አላደርገውም፤ አዲሱን ልየው መጀመሪያ።