ነበር፣ ነበር፣ ነበር

አጭር ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ማታ መጻፍ አይሞከርም፤ ጣት ይደነዝዛል። ስለዚህ ቀን፣ ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ እየሞቅኩ እጽፋለሁ። ሦስት ታሪክ ጨርሻለሁ። ሁለቱን ባታዩአቸው ይሻላል።

ሦስተኛው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ስለምትሸጥ ልጅ ነው። መጀመሪያ በ1,900 ቃል ጻፍኩትና ለእማዬ አነበብኩላት። ጥጧን እየፈተለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «አለቀሰች ካልክ በኋላ 'በጣም አዝና ነበር' የምትለው፣ ሰው በደስታ ያለቀሰች እንዳይመስለው ነው?» አለችኝ። አፈርኩ።

ገጹን መልሼ ስፈትሸው ጉዱ ሌላ ሆነ። አንድ ገጽ ላይ 23 «ነበር» ቆጠርኩ! ቆማ ነበር፣ ታይ ነበር፣ ቀኑ ቀዝቃዛ ነበር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይዘጋል። ታሪኩ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል መሰለ።

ቅዳሜ ተነስቼ ደብረ ሲና ወረድኩ። ጣርማ በር ጉም በጉም ሆኖ ጠበቀን። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ጃኬቴን አወለቅኩ። መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ሥር ደረሱ። አንዷ ከፊቴ ለተቀመጠው ሰውዬ ሰፈረችለት። «መርቂ እንጂ!» አላት። በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ጨመረችለት። ሹፌሩ መኪናውን አንቀሳቀሰ። ሰውዬው ገና ኪሱን እየዳበሰ ነው።

ቤት ስመለስ እንዲህ ጻፍኩት፦

«መኪናው ሄደ። ልጅቷ ትሮጣለች። አንድ እጇ መስኮቱን ይደበድባል። በሌላው ሰፌዱን ደረቷ ላይ አጣብቃለች፤ ቆሎው እንዳይፈስ።»

ሐዘን የሚል ቃል የለበትም፣ «ነበር»ም የለም። ስለ ድህነት የሰበክሁበትን የመጨረሻ አንቀጽም ቆረጥኩት። እውነት ለመናገር እሱ አንጀቴን በላኝ፤ በጣም የምወደው እሱን ነበር (ይኸው፣ አመለጠኝ)። ታሪኩ አሁን 740 ቃል ነው።

የቀረኝ ችግር ንግግር ነው። አራተኛው ታሪክ ውስጥ አንድ የመንዝ ሽማግሌ አሉ። ባና ለብሰው፣ በግ እየጠበቁ፣ «ሁኔታው እጅግ አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል» ይላሉ። እማዬ እንዝርቷን አቁማ «ካድሬ ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ገበሬ ናቸው አልኳት። አላመነችኝም።