ለ62 ሜትር 300 ሜትር ቱቦ የገዛሁት እኔ ነኝ

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ውሃ ለማስገባት ከግቢዬ ጥግ እስከ ዋናው መስመር ያለውን ርቀት ማወቅ ነበረብኝ። ጊዜው ሐምሌ፣ መሃሉ ጭቃ። ሜትር እየጎተትኩ ከምዘፈቅ የትምህርት ቤቱ ፓይታጎረስ ምን ሊሠራልኝ ነው አልኩ። ኮርቼም ነበር።

ዘዴው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ኮኦርዲኔት የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ኤክስ ወደ ምሥራቅ፣ ዋይ ወደ ሰሜን ያለውን ይናገራል። የሁለቱን ነጥቦች ኤክስ ታቀናንሳላችሁ፣ ዋዩንም እንዲሁ። እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። ከድምሩ ስኩዌር ሩት ስታወጡ ርቀቱ እሱ ነው። ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ በሲባጎ 3፣ 4፣ 5 እያለ ማዕዘን የሚያስተካክልበት ሕግ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስልካችሁ በዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ መጀመሪያ ዩቲኤም ወደሚባለው የካርታ አቆጣጠር ቀይሩት፤ ያኔ ቁጥሩ በሜትር ይሆናል።

ጉዴ የፈላው ቁጥሮቹን ካመጣሁበት ቦታ ነው።

የግቢዬን ጥግ ከይዞታ ካርታዬ ገለበጥኩ። የመስመሩን ጫፍ ግን እዚያው ቆሜ በስልኬ ወሰድኩ። ደግሞ ሳልጠይቅ አይደለም! ቢሮ ሄጄ "ከካርታና ከስልክ ብደባልቅ ችግር አለው?" ብያለሁ። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል "ኮኦርዲኔት ያው ኮኦርዲኔት ነው" አለኝ።

በኤክስ 131፣ በዋይ 254 ሜትር ልዩነት መጣ። 17,161 እና 64,516፣ ድምሩ 81,677። ስኩዌር ሩቱ 286 ሜትር ገደማ። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። እኔ ግን ከቤቴ በር ላይ ሆኜ መስመሩ ጋ የቆመ ሰው ጠርቼ ሰላም እላለሁ እኮ! ዓይኔን ትቼ ካልኩሌተሩን አመንኩ። ባለ 100 ሜትር ሦስት ጥቅል ቱቦ ገዛሁ።

ቧንቧ ሠራተኛው ጥቅሎቹን አየ፣ መስመሩን አየ። "ጋሼ፣ ቱቦው ደብረ ዘይት ነው እንዴ የሚሄደው?"

አፍሬ ስልኬን ይዤ የገዛ ድንበሬ ችካል ላይ ቆምኩ። ስልኩ ከካርታው ወደ ምሥራቅ 93፣ ወደ ሰሜን 207 ሜትር ርቆ አስቀመጠኝ። ካርታዬ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የኮኦርዲኔት መቁጠሪያ መነሻ ነው፤ ስሙ የመጣው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ ነው። ስልክ ደግሞ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱም ዩቲኤም ይባሉ እንጂ ለአንድ ችካል የሚሰጡት ቁጥር ለየቅል ነው። "አዲንዳን" የሚለው ቃል ካርታዬ ግርጌ ላይ በደቃቁ ተጽፎ ኖሯል። አላነበብኩትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለቱንም ጫፍ በስልክ ስወስድ ልዩነቱ 38 እና 47 ሆነ። 1,444 እና 2,209፣ ድምሩ 3,653፤ ርቀቱ 60.4 ሜትር። በመጨረሻ ጭቃው ውስጥ ገብቼ በሜትር ስለካው 62 ወጣ። ስልክ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ መሬቱም ተዳፋት ነው፣ በኤክስና በዋይ ብቻ ስታሰሉ የምታገኙት አግድሙን ነው።

ቢሮ የፈለገውን ይበል፣ ሁለቱንም ነጥብ ከካርታ ወይም ሁለቱንም ከስልክ ውሰዱ። ከ100 ሜትር በታች ከሆነማ ቦት ጫማ አጥልቃችሁ ሜትር ጎትቱ።

ባለሱቁ ደረሰኙ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ሁለቱ ጥቅሎች በረንዳዬ ላይ ናቸው። የሚፈልግ ካለ በገዛሁበት እሰጣለሁ።