ለአሮጌ ሃይሉክስ ሊሚትድ ስሊፕ፦ የትኛው ይገዛ፣ እንዴት ይገጠም

ዝናብ በጠገበ የጨፋ ዋልካ ላይ የያዛትን ፒካፕ ልብ ብላችሁ እዩ። አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ እየረጨ በባዶ ይሽከረከራል፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ሌላኛው ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ አይደለም። ተራ ዲፍረንሻል፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለው ኃይል ማከፋፈያ፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ነው የሚያካፍለው፤ የሚንሸራተተው ጎማ ሊሸከም የሚችለው ጥቂት ከሆነ፣ ለደረቁም የሚደርሰው ያችው ጥቂት ናት። ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው የዲፍረንሻል ዓይነት ይህን እኩልነት ይሰብራል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። ባለ ፍሪሲዮን ሳህኑ በውስጡ የተደራረቡ ሳህኖች ስላሉት ሁለቱን ጎማዎች እያሻሸ ያያይዛቸዋል። ባለ ጥርሱ፣ ብዙ ሰው ቶርሰን የሚለው፣ ሳህን የለውም፤ የሚሠራው የደካማውን ጎማ መሬት የመያዝ አቅም በማባዛት ነው። የማባዣው ቁጥር 3 ቢሆን፣ ደካማው ጎማ 20 ሲይዝ ሌላኛው 60 ያገኛል። ጎማው ከመሬት ከተነሳ ግን ዜሮን በ3 ማባዛት ዜሮ ነው። ወደ ደላንታ በሚወስደው ዓይነት ድንጋያማ መንገድ ላይ ጎማ አየር ላይ መንጠልጠሉ የተለመደ ስለሆነ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በዚያ ሰዓት የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ ማድረግ ይረዳል፤ የተንጠለጠለው ጎማ የሚታገለው ነገር ሲያገኝ ለሌላውም ኃይል ይተርፋል።

ሦስተኛው፣ ኃይል ሲሰጠው ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚቆልፈው ሎከር፣ ጭቃ ውስጥ አቻ የለውም። ሆኖም በክረምት ጉም የሐረጎን ዳገት እየወጣችሁ ወይም እየወረዳችሁ፣ እርጥብ አስፋልት ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ሁለቱም የኋላ ጎማ አብሮ ይለቅና ጭራው ወደ ገደሉ ይሄዳል። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ መኪና ይህን ከኋላ ግጠሙ ብዬ አልመክርም። ለወሎ መንገድ የምመርጠው ባለ ሳህኑን ነው፤ ሳህኑ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ጎማ ሲነሳም ጨርሶ አይተውም።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ሬሽዮ እወቁ፤ ሁለቱም ጎማ አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው የመኪናው መለያ ቆርቆሮ ላይ የአክስል ኮድ ተጽፏል፤ ቀደም ብሎ ዲፍረንሻሉ ተቀይሮ ከሆነ ግን ኮዱ ያሳስታል። ስለዚህ ቁጠሩ። ዲፍረንሻሉ ተራ ከሆነ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ፣ ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ፤ ሌላው ጎማ ስለቆመ ሁለቱ ዙር እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ያ ቁጥር ሬሽዮው ነው። የሚሸጠው ዕቃ ላይ የኮሮናውን (የትልቁን ክብ ማርሽ) ጥርስ ለፒኞኑ (ለትንሹ ማርሽ) ጥርስ አካፍሉ፦ 41 ለ10 ሲካፈል 4.1፣ 43 ለ10 ሲካፈል 4.3፣ 41 ለ9 ሲካፈል 4.556፣ 39 ለ8 ሲካፈል 4.875። ፎር ዊል መኪና ላይ የፊቱና የኋላው ሬሽዮ ካልተመሳሰሉ፣ ፎር ዊል ባስገባችሁ ቁጥር ሁለቱ እየተጓተቱ ትራንስፈሩን ይሰብሩታል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ባለ ሳህን ስትገዙ ሁለት አሮጌ ሴሚያስ (ከዲፍረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄድ ዘንግ) ይዛችሁ ሂዱ። በዲፍረንሻሉ ግራና ቀኝ አስገብታችሁ አንዱን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሌላውን አዙሩት፤ በባዶ እጅ ያለ ትግል ከዞረ ሳህኑ አልቋል። ሴሚያሱ ካልገባም የጥርሱ ቁጥር አይገጥምም ማለት ነው፣ ተዉት።

አሮጌው ሃይሉክስ ላይ ዲፍረንሻሉ ከነኮሮና ፒኞኑ በአንድ አካል ከፊት በኩል ስለሚወጣ፣ ሬሽዮው ከገጠመ ሙሉውን መቀየር ከሁሉም ይቀላል። ዘይቱን አፍስሱ፣ ታምቡሮቹን አውጡ፣ የፍሬን ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን ፍቱ፣ በየጎኑ ያሉትን አራት ዳዶዎች ፈታችሁ ሴሚያሶቹን ወደ ውጭ ሳቡ። ሙሉ በሙሉ ማውጣት የለባችሁም፤ ከዲፍረንሻሉ ጥርስ መላቀቃቸው ይበቃል። ሴሚያሱ ፓራሊዮው (ዘይት ማገጃው ላስቲክ) ላይ ክብደቱን ከጣለ ግን ፓራሊዮው ይበላሽና ዘይት ጋናሾቹ (የፍሬን ሸራዎቹ) ላይ ይፈሳል፤ ከዚህ ሥራ በኋላ ፍሬን የሚደክመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ረጅሙን ዘንግ ምልክት አድርጋችሁ ፍቱ፣ ዙሪያውን ያሉትን ዳዶዎች ፈትታችሁ ከሥር ክሪክ ደግፉ፤ ለአንድ ሰው እጅ ከባድ ነው። ፊቱን አጽድታችሁ በአዲስ ጓርኒሲዮን መልሱ፣ መጨረሻ ላይ የፍሬኑን አየር አስወጡ።

ያገኛችሁት ኬዙ፣ ማለትም ኮሮናው የሚታሰርበት የሊሚትድ ስሊፑ አካል፣ ብቻ ከሆነ ሥራው የባለሙያ ነው። መጀመሪያ የኬዙን ኩሽኔታ ለኩ፤ የቪ6ና የባለ አራት ፒስተኑ አይገጣጠምም። ኮሮናውን የሚፈላ ውኃ ውስጥ አሙቁት፣ ያለ መዶሻ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቁ። ፒኞኑን አትንኩት። በጎን ባሉት ማስተካከያ ዳዶዎች የጥርሱን ክፍተት ሰዓት በሚመስለው መለኪያ (ዳያል ጌጅ) 0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ላይ አምጡ። ሲጠብ ይሞቅና ያፏጫል፣ ሲሰፋ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ይመታል።

ዘይቱ ላይ አትቆጥቡ። ባለ ሳህኑ የሚፈልገው ደረጃው ጂኤል-5 ሆኖ ለሊሚትድ ስሊፕ የተባለውን ነው፤ ተራ 90 ቁጥር ዘይት ከተሞላ የሳህን ማለስለሻው በተጨማሪ ይግባ። አለበለዚያ ጠባብ ቦታ ስትዞሩ ከኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፤ ብዙዎች ይህን ሰምተው ጤነኛ ዲፍረንሻል ይፈታሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ እስኪንጠባጠብ ሙሉ፣ ከዚያ በዝግታ አሥር ጊዜ ያህል ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ዙሩ፤ ዘይቱ ሳህኖቹ መሃል ይገባል። ወንዝ የምታቋርጡ ከሆነ የአክስሉን መተንፈሻ በላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ ውሰዱት። የጋለ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውኃውን በፓራሊዮ በኩል ይስባል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ያኑ ቀን ይቀየር።

የኋላ ጎማዎች ሁለቱም እኩል ይሁኑ። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ሲሆን ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ሳህኖቹ ሲፋጩ ይውላሉ፣ ዘይቱም ሳህኖቹም ቶሎ ያልቃሉ። ደግሞ ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ጎማ ብቻ አንስታችሁ ሞተር እየሠራ ማርሽ አታስገቡ፤ መሬት ላይ ያለው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ይህን ለጋራዡ ልጆች ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።