ከተራ በሴቡ ባሕር ዳር

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የከተራና የጥምቀት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ውድ ወዳጆቼና ሥራዬን የምትከታተሉ ሁሉ፣ በዚህ ሰሞን ከጃንሜዳ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ከአጭር የመልካም ምኞት መግለጫ ጋር ማካፈል ልማዴ ነው፤ አምና ግን ጥምቀትን ከአገሬ ርቄ፣ በፊሊፒንሷ የሴቡ ከተማ፣ ሲኑሎግ በሚባለው የአደባባይ በዓል መካከል ስላሳለፍሁ የዘንድሮው መልእክቴ ስለዚያ እንዲሆን ወድጃለሁ።

ሲኑሎግ የሚከበረው በፈረንጆች የጥር ወር ሦስተኛ እሑድ ነው። አምና ያ እሑድ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ስለዋለ ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ገጠሙ፤ የዋዜማው ቅዳሜም ከተራ ሆነ። ይህን ግጥምጥሞሽ ለእኔ ልዩ ያደረገው የሴቡ ሰዎች በዋዜማው የሚፈጽሙት ሥርዓት ነው። ማለዳ፣ አዲስ አበባ ላይ ገና እኩለ ሌሊት ባለፈበት ሰዓት፣ ሳንቶ ኒኞ እያሉ የሚጠሩት የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ከእመቤታችን ምስል ጋር በአበባ ባጌጠ መርከብ ላይ ሆኖ፣ በትልልቅና በትንንሽ ጀልባዎች ታጅቦ፣ ከአጎራባቿ ከማንዳዌ ከተማ በማክታን የባሕር ወሽመጥ በኩል ወደ ሴቡ ወደብ ይጓዛል። ከዚያም ባዚሊካ በሚባለው የሳንቶ ኒኞ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያ አገር የተፈጸመው የመጀመሪያው ጥምቀት በትዕይንት ይታወሳል። ታቦት ወደ ውኃ ወርዶ ሲያድር እያየ ላደገ ሰው፣ ይህን ሁሉ በከተራ ዕለት ማየት እንግድነትን ያስረሳል።

ታሪኩ የሚጀምረው በሚያዝያ 1521 እ.ኤ.አ. ነው። በስፔን ንጉሥ ስም የተላከው መርከበኛ ማጄላን ሴቡ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ገዥ ራጃ ሁማቦንና ሚስቱ ተጠመቁ፤ ከጉዞው ጋር የነበረው ጣሊያናዊ ጸሐፊ አንቶኒዮ ፒጋፌታ እንደመዘገበው ንግሥቲቱ የሕፃኑን ምስል ስታይ ልቧ ተነክቶ እያለቀሰች ጥምቀትን ለመነች፤ በዕለቱም ወደ 800 የሚሆኑ ሰዎች ተጠመቁ። ማጄላን ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ከፊት ለፊት ባለችው በማክታን ደሴት ከአካባቢው አለቃ ከላፑላፑ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ስፔኖች በ1565 በሌጋስፒ መሪነት ሲመለሱ ምስሉን በተቃጠለ ቤት ውስጥ በሣጥን እንዳለ አገኙት። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ የእንጨት ምስል ዛሬ በባዚሊካው በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። የሴቡ ሰዎች ታሪኩን ከነቅኝ ገዥነቱ ያውቁታል፤ ላፑላፑ ጀግናቸው ነው፣ ሳንቶ ኒኞም ንጉሣቸው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ እኔን ያሳሰበኝን ያህል እነርሱን ሲያሳስባቸው አላየሁም።

በጃንሜዳ ሥራ የጀመረ ፎቶግራፍ አንሺ አንድ ነገር በግድ ይማራል። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ በመጐናጸፊያ ተሸፍኖ ስለሚሄድ ዐይንም ሌንስም አያገኘውም፤ ስለዚህ የሚነሣው ታቦቱ ሳይሆን ታቦቱን የሚያጅበው ሰው ነው፤ እልል የምትለው እናት፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ፊት የሚሮጠው ወጣት፣ ወደ መሬት ጎንበስ የሚለው ሽማግሌ። ሴቡ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚከበረው ምስል ዘውድ ደፍቶ፣ ካባ ለብሶ፣ በግራ እጁ ሉል ይዞ በግልጽ ይታያል፤ ደግሞም አንድ ብቻ አይደለም። በቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ዑደት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ በየሳሎኑ ያስቀመጠውን ሳንቶ ኒኞ አዲስ ልብስ አልብሶ፣ እንደ ልጅ አቅፎ ይወጣል። ካሜራ የያዘውም ሁሉ ወደ ዋናው ሠረገላ ይዞራል። እኔን ግን የጃንሜዳው ልማድ አሸነፈኝና ጀርባዬን ለሠረገላው ሰጥቼ፣ ከእርሱ ፊት ፊት እየሄድሁ፣ የሚያዩትን ሰዎች ማንሣት ጀመርሁ። ያን ጊዜ የሰዉ ሁሉ ዐይን ከራሴ በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ያልፍ ነበር። ማንም ለካሜራ አልተዘጋጀም፣ ማንም ፊቱን አላሳመረም፤ ልመናቸው በትከሻዬ ላይ እያለፈ ወደ ኋላዬ ይሄድ ነበር ማለት ይቀለኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቆም ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ፈተናም አለው፤ ሰው ሳያይህ የምታነሣው ነገር ፈቃዱን ያላገኘህበት ነገር ነውና። በዚህ ጉዳይ ላይ የራሴ ሕግ አለኝ፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያለቅስን ሰው አላነሣም። የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ብዙ ጊዜ ሞግተውኛል፤ እኔም ብዙ ጥሩ ሥዕሎች እንዳመለጡኝ አልክድም።

ተሳታፊ የሆንሁት ግን በዑደቱ ሳይሆን በባዚሊካው ዙሪያ ሻማ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ነው። እነዚህ ሴቶች፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ሻማ ሸጠው ብቻ አያሰናብቱም። ለማን እንደምትጸልይ ይጠይቁሃል፤ ከዚያም ሻማዎቹን ይዘው፣ በሴቡኛ እየለመኑ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ በቀስታ ይወዛወዛሉ። ሲኑሎግ የሚባለው ውዝዋዜ ይህ ነው። አንዲት እናት ስም ሲጠይቁኝ የእናቴን የክርስትና ስም ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም በራሳቸው አነጋገር እየደጋገሙ ጸለዩላት። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ በካቶሊኮቹ ቅዳሴ ላይ ቆሜአለሁ፣ ቁርባናቸውን ግን አልተቀበልሁም፣ ለሐውልት መንበርከክም በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ነገር ግን የእናቴ ስም በዚያ ደጅ መጠራቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ለእርሷም በስልክ ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሴትዮዋ በደንብ ተከፍሏቸው እንደሆነ ነበር።

ስለ እሑዱ ታላቅ ሰልፍ ብዙ አልጽፍም። ዓለም ሲኑሎግ ብሎ የሚያውቀው ያንን ነው፤ ከበሮው፣ ላባው፣ ምስሉን ከፍ አድርጋ የምትጨፍረው የየቡድኑ ንግሥት፣ በመንገዱ ዳር ፊቱን ቀለም የተቀባው ወጣት። ብዙዎች ጥንታዊ ይመስላቸዋል እንጂ ሰልፉ በዛሬው መልኩ የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሻማ ሻጮቹ ጸሎት ከእርሱ ይቀድማል። ውበቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ቀለም እንዲህ ሲበዛ ካሜራ ይሰንፋል፣ የሁላችንም ሥዕል አንድ ዓይነት ይሆናል። ሙቀቱና ወበቁም የዋዛ አይደለም፤ አየር ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል ወጥቶ ካሜራውን ወዲያው የሚያነሣ ሰው ሌንሱ በጉም ተሸፍኖ ያገኘዋል።

ዘንድሮ የሲኑሎግ እሑድ ከከተራ ጋር ይገጥማል። ሴቡ ግን የአምናዋ ሴቡ አይደለችም። ባለፈው መስከረም 20 ቀን፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025፣ የደሴቲቱን ሰሜናዊ ክፍል በመጠን 6.9 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው፤ ከ70 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ኅዳር ሳይገባ ደግሞ ካልማኤጊ የተባለው አውሎ ነፋስ ያስከተለው ጎርፍ የብዙዎችን ቤት ወሰደ። አምና ምስላቸውን አቅፈው በሌንሴ ፊት ካለፉት ቤተሰቦች መካከል ዘንድሮ የሚያቅፉት ምስል ከጭቃ የወጣ የሚሆንባቸው እንዳሉ አስባለሁ። በጥምቀት ጸሎታችሁ እንድታስቧቸው እለምናችኋለሁ።

በተለይ በዱባይ፣ በቤሩት፣ በኩዌትና በሌሎችም የመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞች የምትገኙ እኅቶቼ፣ ከእኔ ይልቅ ፊሊፒናውያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በአንድ ቤት አብራችሁ ሠርታችኋል፣ በአንድ ወጥ ቤት በልታችኋል። የሥራ ጓደኛችሁ የሴቡ ልጅ ከሆነች በዚህ እሑድ ከሥራ በፊት «ፒት ሴኞር!» በሏት፤ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው የበዓሏ ጩኸት ነው። በማግሥቱ እርሷም «መልካም ጥምቀት» እንድትላችሁ አስተምሯት። መልካም በዓል ይሁንላችሁ።